ከጊንጪ ጀምሮ ያላለቀሰው ልጅ

ሰው መቅጠር ቀላል ነው። ማሠልጠን ደግሞ ከመቅጠርም ይቀላል፤ ቢያንስ ሻይና ብስኩት አለበት። መከራው ያለው የቀጠሩትንና ያሠለጠኑትን ሰው እዚያው ቦታ ላይ ማቆየቱ ላይ ነው። እኔ በዚህ መከራ ላይ ነው ያረጀሁት። አምቦ ቢሮዬ ተቀምጬ ለምዕራብ ሸዋ ወረዳዎች የሕፃናት ደኅንነት ሠራተኞችን እመለምላለሁ፣ አሠለጥናለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እንዳይሄዱ እለማመጣለሁ። ሥራው ምንድን ነው ለምትሉኝ፣ አንድ ልጅ ሲደበደብ፣ ሲጣል፣ ወይም ዘመድ ቤት ገብቶ ጠያቂ ሲያጣ፣ በእግር ሄዶ ያን ቤት የሚያንኳኳ ሰው መሆን ነው። ክብር ያለው ሥራ ነው። ችግሩ፣ ክብርን የሚመነዝር ባንክ እስካሁን አልተከፈተም።

ባንክ ካልኩ አይቀር፣ ባላንጣዬ እሱ ነው። ጎበዝ ልጅ መርጬ፣ «ሕፃናትን እወዳለሁ» ሲለኝ አምኜ፣ የአራስ ልጅ አያያዝ ሳይቀር አስተምሬ ካቺሲ እልከዋለሁ። ካቺሲ የጊንደበረት ወረዳ ከተማ ናት፤ ገበያዋ የደራ፣ ሰዉ ደግ፣ መንገዷ ግን መንገደኛን ሐሳብ የሚያስለውጥ። አንዱ ሻንጣውን ሳይፈታ ተመለሰ። ሌላዋ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጣች፤ መውረዱንስ ወረደች፣ ግን በወዲያኛው በኩል ነበር የወረደችው። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱንም አምቦ ላይ ከመስታወት ጀርባ ብር ሲቆጥሩ አገኘኋቸው። በደስታ ሰላም አሉኝ። ሥልጠናዬ ከንቱ አልቀረም፤ የብሩን እስር አንገቱን ደግፈው ነው የሚያነሡት።

ይኼ የአንገት ነገር የመጣው ከአሻንጉሊቱ ነው። አንድ የውጭ አገር ለጋሽ ለሥልጠና የላከልን የሕፃን አምሳያ ነበረን። አሻንጉሊት ስላችሁ ገበያ ላይ የምታዩትን ቢጫ ጸጉር እንዳታስቡ። ይኼኛው ቆዳው ጠይም፣ የጣቶቹ ጥፍር ሳይቀር የተሠራ፣ ክብደቱም ቁመቱም ትናንት የተወለደ ልጅ የሚያህል ነው። አንገቱን ካልደገፉት ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ዘንበል ይላል። ሲያስተኙት ዐይኑን ይከድናል፤ ያውም እኩል አይደለም፤ ግራው ቀድሞ፣ ቀኙ ትንሽ አመንትቶ። ሲያነሡት ይገልጣል። የዕቃ ግምጃ ቤታችን ኃላፊ ፊቱን በአሮጌ መጋረጃ ሸፍና ነበር የምታስቀምጠው። ለምን ብዬ ብጠይቃት «ጀርባዬን ስሰጠው ደስ አይለኝም» አለችኝ። ሳቅሁባት። ከዚያን ቀን በኋላ ግን እኔም ጀርባዬን ሰጥቼው አላውቅም።

ነገሩ የሆነው በአንድ ሐምሌ ነው። ካቺሲ ላይ ለአካባቢው አዳዲስ ሠራተኞች ሥልጠና ልሰጥ ስነሣ፣ ከአምቦ አብራኝ የምትሄደው ሌሊሴ ነበረች፤ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች፣ እዚያው ካቺሲ ልመድባት የቀጠርኳት ልጅ። ቃለ መጠይቁ ላይ «ባንክም ተመዝግቤያለሁ፤ ፈተናው ቅዳሜ አምቦ ነው» ብላ ፊት ለፊት ነገረችኝ። ሌሎቹ ደብቀውኝ ስለሚሄዱ ሐቀኝነቷ ደስ ብሎኝ ቀጠርኳት። ነገሩ የፍቅር ጉዳይ ቢሆን ሞኝነት ይባል ነበር፤ መሥሪያ ቤት ሲሆን የሰው ኃይል ዕቅድ ይባላል።

ጊንጪ ላይ መኪና ስንቀይር ዝናቡ ወረደ። አሻንጉሊቱ ያለበት ካርቶን እዚያው እጃችን ላይ ሟሟ። ሌሊሴ መቼም ደግ ልጅ ናት፣ ጋቢዋን አውልቃ ጠቀለለችውና ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ሚኒባሱ ሮጠች። ረዳቱ አያት። «ለአራስ ቦታ ልቀቁ!» ብሎ ጮኸና ሁለት ጎረምሶችን ከሾፌሩ ኋላ ካለው ወንበር አስነሣ። እኔንም «ግቡ አባቴ፣ አጠገቧ ይቀመጡ» አለኝ። እውነቱን መናገር ነበረብኝ? ነበረብኝ። ግን እስቲ እናንተ፣ ጊንጪ ላይ በዝናብ የተገኘ የፊት ወንበር ለእውነት ብላችሁ ለቃችሁ ታውቃላችሁ?

ወደ ሰሜን ታጥፈን ጀልዱን ስንይዝ ጉም ዋጠን። የጀልዱን የሐምሌ ጉም ያላየ ሰው ጉም አየሁ አይበል። ሾፌሩ መብራት አብርቶ በሰው እርምጃ ይነዳል። አንዳንዴ ከነጩ ውስጥ ፈረስ፣ ወይም ጃንጥላ የያዘ ሰው ብቅ ይልና ሳናልፈው መልሶ ይጠፋል። መኪናው ውስጥ ወሬው ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። 

ከሌሊሴ ጎን የተቀመጡት ሽማግሌ ኦቦ ቶሎሳ ይባላሉ፤ ስማቸውን የነገሩን ሰላምታ ስንለዋወጥ ነው። ጋቢውን ብዙ ሲመለከቱ ቆዩና «ልጄ፣ ይኼ ልጅ ከጊንጪ ጀምሮ አላለቀሰም» አሏት።

ሌሊሴ እኔን አየችኝ። እኔ «ተኝቶ ነው» አልኩ።

«አልጠባምም» አሉ።

«ጠግቦ ነው» አልኩ። ምን ልበል? ወንበሩ ላይ ተቀምጫለሁ፤ መልስ መስጠት የኔ ድርሻ ነው።

ይኼኔ መኪናው ጉድጓድ ገባና ናጠን። ጋቢው ተንሸራተተ፤ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ወደቀ፤ መከደን ሲገባቸው ዐይኖቹ በንጠቱ ተገልጠው ቀሩና ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ኦቦ ቶሎሳ እጃቸውን ዘርግተው ጉንጩን ነኩት። ፕላስቲክ የጀልዱን ብርድ እንዴት እንደሚጠጣ ታውቃላችሁ። እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሏት፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሌሊሴ «ምኑ?» አለች። እኔ ግን ገብቶኝ ነበር።

ሾፌሩ መኪናውን አቆመ። ከኋላ አንዲት ሴት «ወይኔ!» አለች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት፤ አፍታ ሳይቆይ መኪናው በሙሉ ለቅሶ ሆነ። በሙሉ ቁመቴ ለመቆም ሞክሬ፣ ጣሪያው አጎንብሶኝ ንግግር አደረግሁ። ወገኖቼ፣ ይህ ሕፃን አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው፣ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው አልኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ እውነት ተናግሬ አላውቅም፤ እንደዚያ ያለ አለመታመንም ገጥሞኝ አያውቅም። አንዲት እናት እጄን ይዘው «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ሐዘን እንዲህ ያስቀባጥራል» ብለው አስቀመጡኝ። ሌሊሴ ከድንጋጤዋ ብዛት እሷም ማልቀስ ጀመረች። በቃ፣ ማስረጃው ተሟላ።

ያን ጊዜ ከመጨረሻው ወንበር አንዲት ሴት ተነሥታ መጣች። እስከዚያ ድረስ መኖሯንም አላስተዋልኩም። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ተከናንባለች። ሰው ሁሉ ጉልበቱን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀላት። ማንንም ሳትጠይቅ ጎንበስ ብላ ከሌሊሴ ጭን ላይ አነሣችው። እኔ አሠልጣኝ አይደለሁ? እዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ ያየሁት እጇን ነው፤ አንዱ ከአንገቱ ሥር፣ አንዱ ከመቀመጫው። ስታነሣው ዐይኖቹ ፊቷ ላይ አረፉ።

«ሂን ዱኔ» አለች። አልሞተም ማለቷ ነው። ቀጥላ በአማርኛ፣ ለሁላችንም እንዲገባን ይመስለኛል፣ «ርቦት ነው» አለች።

ወደ ወንበሯ ተመለሰች፤ ነጠላዋን አለበሰችው፤ አጠባችው።

ለቅሶው ቢላዋ እንደነካው ገመድ ቆመ።  ሾፌሩ በመስታወቱ አየ፣ አማተበ፣ ሞተሩን አስነሣ። ኦቦ ቶሎሳ ባርኔጣቸውን ይልበሱት አይልበሱት ግራ ገብቷቸው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

ጥቂት ቆይቶ ባሏ ወንበር ወንበሩን እየያዘ ወደኔ መጣ። ገመቹ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ እጁ የአናጢ እጅ። ጆሮዬ ሥር ተናገረ። ሚስቱ በቀሉ ትባላለች። የመጀመሪያ ልጃቸው ነበር፣ ወንድ፤ አምቦ ሆስፒታል ተወልዶ ሳይሰነብት ሞተ። አሁን ባዶ እጃቸውን እየተመለሱ ነው። ጡቷ ግን ነገሩ አልገባውም፤ ወተቱ እንደወረደ ነው። «ጋሼ፣ ቤት እስክንደርስ ብቻ ተዉላት» አለኝ። ምን እላለሁ? ተውኩላት።

ካቺሲ ሳንደርስ አንዲት መንደር ላይ ወረዱ። በቀሉ አሻንጉሊቱን አቅፋ፣ የጋቢውን ጫፍ ፊቱ ላይ አድርጋ፣ ወደ ኋላ ሳታይ ሄደች። ተነሥቼ መጥራቴ ነበር፤ ሌሊሴ ቀደመችኝና ዘላ ወረደች። «እርስዎ ይሂዱ ጋሼ፣ እኔ ነገ ይዤው እመጣለሁ» አለችኝ። መኪናው ሲነሣ ዞሬ አየሁ። ጉሙ መጀመሪያ በቀሉን ወሰደ፣ ከዚያ ገመቹን፣ በመጨረሻ ሌሊሴን።

በማግሥቱ ሥልጠናውን ያለ ሕፃን ጀመርኩ። ምን ላድርግ፣ ስኳር በፎጣ ጠቅልዬ «ይህ ልጅ ነው እንበል» አልኩ። ሠልጣኞቹ እንዴት ያለ ጥንቃቄ እንዳሳዩ ልነግራችሁ አልችልም። ስኳር በጠፋበት ወቅት ነበርና፣ አንዳቸውም ከእጃቸው ሊያወርዱት አልፈለጉም።

እኩለ ቀን ላይ ሌሊሴ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ እጇ ባዶ ሆኖ መጣች። የት አለ አልኳት። «ተኝታለች» አለችኝ። አሻንጉሊቱን ነው የጠየቅኩሽ አልኳት። «እሱም ተኝቷል። አልወሰድኩትም ጋሼ። ልጇ ከሞተ ወዲህ ስትተኛ የመጀመሪያዋ ነው አሉኝ።» ተቆጣሁ። ቢያንስ የተቆጣሁ መሰልኩ። የሰው ሐዘን ሌላ፣ ንብረት ሌላ ነው ብዬ፣ ከሰዓት በኋላ ራሴ ላመጣው ከእሷ ጋር ወጣሁ።

መንደሩ ገና ጉም ውስጥ ነበር። ጎረቤቶቹ በየደጃፋቸው ቆመው ያዩናል፤ ሰላምታችንን ይመልሳሉ፣ አይጠጉንም። ወደ ገመቹ ቤት የሚወስደውን አቋራጭ ሰው ትቶት በዙሪያ መሄድ ጀምሯል። የገመቹ እናት ደጅ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ልጃቸው ቤት አይገቡም። «ዐይኑን ሲገልጥ አይቼዋለሁ፤ ወይ አቃጥሉት፣ ወይ ውሰዱት» አሉኝ። ልወስደው እኮ ነው የመጣሁት ብዬ እንደ ጀግና ገባሁ።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው። በቀሉ መደብ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ አዲስ የሕፃን ልብስ ለብሶ፣ ኮፍያ አድርጎ ተጋድሟል፤ ልብሱ ለማን ተሰፍቶ እንደነበር መጠየቅ አያስፈልግም። ገና አፌን ስከፍት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ቀስ በሉ፣ አሁን ነው የተኛው» አለች። ታምናላችሁ? በእግር ጣቶቼ ሄጄ ነው የተቀመጥኩት። እኔ! የዕቃ መረከቢያው ላይ የፈረምኩ ሰውዬ!

«ሌሊት ሲያለቅስ ነበር» አለችኝ።

ይኼኛው አያለቅስም፣ ድምፅ የለውም አልኳት፣ በሹክሹክታ።

ገመቹ ከጥግ ሆኖ «እኔም ሰምቻለሁ ጋሼ» አለ።

 ዐይኔ ሳልፈልግ ወደ ሕፃኑ ሄደ። ግራ ዐይኑ ተከድኗል። ቀኙ ገና አመንትቶ ግማሽ ላይ ነበር፣ ማንም ሳይነካው። የመደቡ አለመስተካከል ይሆናል፤ እንደዚያ ነው ለራሴ የነገርኩት። የመጣሁበትን ጉዳይ ሳላነሣ ተሰናብቼ ወጣሁ። ውጭ ከእናትየው ራቅ ስንል ሌሊሴን ጠየቅኋት፤ እዚያ ነው ያደርሽው፣ አንቺስ ሰምተሻል?

«ሰምቻለሁ» አለች። «ማን እንደሆነ ለማየት ግን አልተነሣሁም።»

ከዚያ በኋላ ሌሊሴ ሥልጠናው ሲያልቅ በየቀኑ ወደዚያ ቤት ትሄዳለች። ምን ታደርጊያለሽ ስላት «እቀመጣለሁ» ትለኛለች። ምን ታወራላችሁ ስላት «እሷ ስታወራ አወራለሁ።» በማሠልጠኛ መጽሐፋችን ውስጥ እንዲህ ያለ ምዕራፍ የለም፤ ፈልጌያለሁ። ጎረቤቶቹም እሷ በአቋራጩ ስትመላለስ እያዩ፣ መጀመሪያ አንዷ፣ ከዚያ ሌላዋ፣ በዚያው ማለፍ ጀመሩ። ዓርብ ማታ አምቦ የሚሄድ መኪና እንዳለ ነገርኳት። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሥልጠናው አዳራሽ ስገባ ከፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ስለ ፈተናው አልጠየቅኋት። ያልሄደ ሰው «ለምን አልሄድክም» ተብሎ ይጠየቃል?

ሥልጠናው ሲያበቃ፣ ሠልጣኞቹን ሸኝተን ወንበር ስንሰበስብ፣ በቀሉና ገመቹ ራሳቸው መጡ። ጉሙ ተነሥቶ ነበር። በቀሉ ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣለች። አሻንጉሊቱን ለሌሊሴ አቀበለቻት።

«ፕላስቲክ መሆኑን መኪናው ውስጥ ገና ሳነሣው ነው ያወቅሁት» አለች። «እብድ መስያችሁ ነበር አይደል?»

ሌሊሴ «ታዲያ ለምን ወሰድሽው?» አለቻት።

በቀሉ እጇን ዘርግታ የአሻንጉሊቱን ኮፍያ አስተካከለች። «የኔን ልጅ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡን፤ አምቦ ቀበርነው። ማንም አላለቀሰለትም። ክርስትና ያልተነሣ ነው ተባለ፣ ዕድርም አይቀመጥለትም ተባለ። ‹ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ› ነው የሚሉኝ። የመጣውም የሄደውም እንዲህ ነው የሚለኝ። መኪናው ውስጥ ግን የማያውቁት ሰዎች በሙሉ አለቀሱ። ያ ለቅሶ የልጄ ነው ብዬ ተነሣሁ።»

ሌሊት ያለቅስ የነበረው ማን ነው ብዬ ልጠይቅ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ገመቹን አየሁት። ገመቹ የያዘውን የእንጨት ሣጥን ክዳን በመዳፉ ይደባብሳል። ተውኩት። ሣጥኑን ለአሻንጉሊቱ ራሱ ነው የሠራው፤ ጣውላው ተልጎ፣ ማዕዘኑ ተስተካክሎ፣ ክዳን ያለው። «ካርቶን በዝናብ ይበላሻል ብዬ ነው ጋሼ» አለኝ። በዚያ ልክ፣ በዚያ ቅርጽ የተሠራ ሣጥን ምን እንደሚመስል እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አመስግኜ ተቀበልኩት። የሕፃኑን ልብስ ላወልቅለት ብሞክር በቀሉ «ይልበሰው» አለች።

ሌሊሴ ካቺሲ ቀረች። ዛሬም እዚያው ናት፤ ባንክ አንድ ሰው ጎደለበት። ስብሰባ ላይ ሠራተኛ ያቆየሁበትን ዘዴ እንዳብራራ ሲጠይቁኝ ማበረታቻ፣ ክትትል፣ የሥራ አካባቢ ምናምን እላለሁ። እውነቱን በየትኛው ርዕስ ሥር ላስገባው?

እኔ ሣጥኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ወደ አምቦ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ ቦታ ጠፍቶ የቆሙ ነበሩ። አምቦ ላይ ባጃጅ ያዝኩ። ነጂው ሣጥኑን አየና የከፈተውን ዘፈን አጠፋ።

ቤቴ ደጃፍ ስደርስ ቆምኩ። ግቢዬ ውስጥ ሸራ ተወጥሯል። አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ነጠላ ያጣፉ ሴቶች፣ ዝም ያሉ ወንዶች። ካቺሲ ሳለሁ ኔትወርክ እንደ ልማዱ ጠፍቶ ነበርና ከቤቴ ጋር ቃል አልተለዋወጥኩም። ማን ነው? ባለቤቴ? ልጄ?  ከዚያ ባለቤቴን አልማዝን ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ አየኋት፤ ትንሽ ተነፈስኩ። እነሱ ደግሞ አዩኝ። ከእኔ ወደ ሣጥኑ አዩ። ግቢው በጩኸት ተናወጠ።

የዕድራችን ሰብሳቢ ሮጦ አቀፈኝ። «አይዞህ ወንድሜ፣ ሾፌሩ ሁሉንም ነግሮናል» አለኝ። ለካ የዚያ ሚኒባስ ሾፌር የአምቦ ሰው ኖሯል፤ በዐይንም ያውቀኛል። በማግሥቱ ተመልሶ ያየውን ተናግሯል፤ እኔን፣ ወጣቷን አራስ፣ ጀልዱ ላይ በብርድ የሞተውን ሕፃን፣ ከሐዘኔ ብዛት ፕላስቲክ ነው ብዬ መለፍለፌን፤ «አልሞተም» ብላ ያጠባችውን ሴት ግን ዘሏታል። ከዚያ በኋላ የጨመረው የከተማው ሰው ነው።

ፕላስቲክ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ለካ እሱንም አስቀድመው ሰምተውታል። ደግሞ ሴቶቹን ሳያቸው ከልባቸው ነው የሚያለቅሱት። ሕፃን ሞተ ተብለው ነው የመጡት፤ ሕፃን ደግሞ በእርግጥ ሞቷል። አፌን ዘጋሁ። ሣጥኑን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ይለቀስለት።

አልማዝ ተነሥታ መጣች። ከሁሉም በላይ አምርራ የምታለቅሰው እሷ ነበረች፤ ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠላት። አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ እንደሚያጽናና ሰው አንገቴን አቅፋ፣ እርጥብ ጉንጯን ጉንጬ ላይ አድርጋ፣ ጆሮዬ ሥር ተነፈሰች።

«እንግዶቹ ይሂዱና» አለችኝ፣ «የልጁን እናት ታስተዋውቀኛለህ።»